የጨዋ ልጆች ሰልፍ

ሰልፍን የፈጠረው ሰው የጎንደር ሰው አይደለም። ይህን ለማለት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገኝም። እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ኋላ የሚሄደው ወይ ታቦት ሲሸኝ ነው፣ ወይ ሬሳ ሲሸኝ ነው፤ እዚያም ቢሆን ማን ከማን እንደሚቀድም አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» የሚሉትን ነገር የሰማሁት ከተማ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ክራባት ማሰር ከተማርኩ በኋላ ነው። ለመሆኑ ቀድሞ መምጣት ምን ሙያ አለው? እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል። እኛ ዘንድ የሚቀድመው ቀድሞ የተወለደ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ቦታችሁን አሙቃችሁ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንድ ትልቅ ሰው በበሩ ብቅ ሲሉ ምን ትሆናላችሁ? እግራችሁ እናንተን ሳያማክር ብድግ ይላል። አፋችሁ «ኖር!» ይላል። ሰውየው «በእግዜር!» ይላሉ። «አይገባም፣ ተቀመጡ፣ በሞቴ!» ይላሉ። እናንተ «አይሆንም!» ትላላችሁ። መሐላ በመሐላ ላይ ይወርዳል፤ በመጨረሻ እርሳቸው እናንተ ባሞቃችሁት ቦታ ይቀመጣሉ፣ እናንተ ደግሞ በሩ ሥር ነፋስ እየመታችሁ ትቀመጣላችሁ። ሁለታችሁም ደስ ብሏችኋል። እርሳቸው ተከብረዋል፣ እናንተ ተመስግናችኋል፣ ያሳደጋችሁም ሰው ስሙ በደግ ተነሥቷል። ሸጋ ልማድ ነው። እኔ ይህን ልማድ አልጠላም፤ ሳልጠላው ነው የማማው።

ነገሩ የሆነው ደምብያ፣ ኮላ ድባ ነው። ጃንሆይ «ሕዝቡ ለምክር ቤት እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ» ብለው ከፈቀዱ ወዲህ ምርጫ የሚሉት ነገር ገና አዲስ ነበር፣ ሰው ስሙን ሲጠራው እንኳ ጥርሱ ውስጥ የገባ ጠጠር ይመስል ያገላብጠው ነበር። የሚመርጠው ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ነው ተባለ። እኔ ያኔ ሃያ አራት ሆኖኝ ጎንደር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እንደ እኔው ኮላ ድባ ተወልዶ ጎንደር ሥራ የያዘ ጓደኛ ደግሞ ሞልቶኝ ነበር፤ ልብስ ሰፊው፣ የሾፌር ረዳቱ፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ሁሉም ሃያ አንድን ያለፈ፣ ሁሉም ማታ ማታ ተሰብስቦ አገር የሚያቀና።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አገር የሚያቀናው ግን እዚያው አገር ቤት የቀረው ደስታው ነበር። ደስታው የኮላ ድባ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ሳይሆን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። አሳቡ አንድ ነበረ፦ ወንዙ ላይ ድልድይ። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ይሞላል፣ ምጥ የያዛት ሴት ወዲያ ማዶ ትቀራለች፣ ሐኪሙ ወዲህ ማዶ ይቀራል፣ ከዚያ መስከረም ሲጠባ ለቅሶ እንደርሳለን። ደስታው በዚያ ወንዝ ታላቅ እህቱን አጥቷል። «ድልድይ እንዲሠራ ምክር ቤት ገብቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል» ይል ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ታዲያ አንተ ለምን አትገባም?» አልኩት። ይህች ቃል ከአፌ ባትወጣ ኖሮ ብዙ ነገር ባልሆነ።

ለመወዳደር የመንግሥት ሥራ መልቀቅ አለብህ አሉት። ለቀቀ። በምትወዳደርበት አገር ርስት ያለህ መሆን አለብህ አሉት። እናቱ እመት ብርቄ ከአባታቸው የወረሱትን መሬት በስሙ አደረጉለት። ምልክት ምረጥ አሉት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በምልክት ነው የሚለየውና። ፋኖስ መረጠ። እንግዲህ ቢያሸንፍ አዲስ አበባ ገብቶ ስለ ድልድይ ይናገራል፤ ቢሸነፍ ደመወዝ የሌለው፣ ጠመኔ የሌለው፣ በእናቱ መሬት ላይ ሽምብራ የሚዘራ የቀድሞ መምህር ይሆናል። ሽምብራ መዝራት ነውር ሆኖ አይደለም። እርሻ አያውቅም።

ተቃራኒው ግራዝማች አየነው ነበሩ፤ ምልክታቸው በሬ። ግራዝማችን ክፉ ሰው አድርጌ ብነግራችሁ ወጉ ይጣፍጥልኝ ነበር፤ ግን አልነበሩም። ደግ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለቅሶ አይቀሩም፣ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ሕፃን ልጅ እንኳ ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ስለ ድልድዩ ስንጠይቃቸው «አባቶቻችን በዋና ነው የተሻገሩት» አሉን። ያልተሻገሩትን አባቶች አልቆጠሯቸውም።

የአገሩ ሽማግሌ በሬ እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። ወጣቱ ደግሞ ፋኖስ ነው። ስለዚህ ሥራዬ ወጣቱን ማምጣት ሆነ፣ አመጣሁትም። ከጎንደር በጭነት ማኪና ተጭነን፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተደበላልቀን፣ በምርጫው ዋዜማ ኮላ ድባ ገባን። እኔን ጨምሮ አርባ ነበርን። የምርጫው ዕለት ገና ሳይነጋ ዋርካው ሥር ከተተከለው ድንኳን ፊት ደረስን። ከእኛ በፊት አንድም ሰው አልነበረም። አርባ ወጣት፣ አርባ ፋኖስ! ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ልቤ ደረቴን ሊቀደው ነበር።

ከጎንደር የመጣው የምርጫ ጸሐፊ መነጽሩን እየወለወለ ወጣና «በተራ በተራ ተቀመጡ፤ ቀድሞ የተቀመጠ ቀድሞ ይገባል» አለ። ከዋርካው ግንድ ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ የገበያተኛ መቀመጫ የሆነ ድንጋይ ተደርድሯል፤ እዚያ ላይ ተደረደርን። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የዋርካው ጥላ የሚደርሰው ፊት ያሉት አራት አምስት ድንጋዮች ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፀሐይ ነው። የደምብያን ፀሐይ ደግሞ የማያውቅ አይጠይቀኝ።

ድንኳኑ ሲከፈት፣ ቅዳሴም ወጣ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን እየተመረኮዙ ብቅ አሉ። ፊት የተቀመጠው ልጅ፣ የሾፌር ረዳቱ፣ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር!»

ሽማግሌው ጥላ ውስጥ ካለው የመጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጁ የት ይሂድ? ሁለተኛውን ገፍቶ አይቀመጥ ነገር። ነጠላውን አራግፎ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅንለት፤ የጨዋ ልጅ ነዋ! ሽማግሌው ገቡ፣ ሁለተኛው ልጅ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ሁለተኛው ሽማግሌ መጡ። «ኖር!» «በእግዜር!» ሁለተኛውም ልጅ ወደ ጭራ።

በዚህ ዓይነት ሰልፉ ሄደ ልበላችሁ ዞረ? እንደ ወፍጮ ዞረ። እያንዳንዳችን ከጭራ ተነስተን ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳብን፣ ፀሐዩን ጨርሰን፣ ጥላው ጋ ደርሰን፣ ልንገባ አንድ እርምጃ ሲቀረን አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ሽማግሌ እንኳ ባይመጣ ጎልማሳ ይመጣል፤ ጎልማሳው ደግሞ የአንዳችን አጎት ነው። ሐጂ ዑመር የጨው ሱቃቸውን ዘግተው ሲመጡ ሦስት ልጆች ተሽቀዳድመው ተነሱላቸው፤ «አላህ ያሳድጋችሁ!» ብለው መርቀውን ገቡ። አደግንላቸው፤ ወደ ኋላ ነው እንጂ። እመት ብርቄም መጡ፣ የደስታው እናት። ለእርሳቸውማ መነሣታችን ቢያንስ አንድ ፋኖስ አስገኝቶልናል።

ደግሞ የገባ ቶሎ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ እግሩ ድረስ መጥቶ ሳለ ዝም ብሎ ካርድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ የሚወጣ ሞኝ የለም። አንዱ ስለ ድንበሩ ክርክር ያመለክታል፣ አንዱ ስለ ጠፋችበት ጊደር። አያ ገሠሠ የሚባሉት ደግሞ መጀመሪያ ጸሐፊውን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። አባቱን ነገራቸው። አያቱን ጠየቁት። ሲቆጥሩ ሲቆጥሩ በእናቱ በኩል ዘመድ ሆነው ተገኙ፤ ተሳሳሙ፤ ስለሞቱት ዘመዶች ተራ በተራ ነፍስ ይማር ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው በሬውን የመረጡት። ውጭ ሆነን በድንኳኑ ሸራ በኩል ይህን ሁሉ እንሰማ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ጸሐፊው ራሱ ተጨነቀ። ወጣና «ኧረ ልጆች፣ እናንተ እኮ ቀድማችሁ የመጣችሁ ናችሁ! ደንቡ ከእናንተ ጋር ነው። ግቡ!» አለን።

እኔ ነኝ የመለስኩለት። እኔው ራሴ፣ አርባውን ሰው ከጎንደር አስጭኜ ያመጣሁት። «ምነው ጌታው፣ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ቆሞ እኛ እንግባ? እንዲህ ነው ያሳደጉን?» አልኩት። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ ማለት ይቻላል። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጥቂት አየኝና ተመልሶ ገባ። ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ያኔ የከተማ ሰው ትዕቢት መስሎኝ ነበር።

ከአርባችን ውስጥ አንድ ስድ ነበረ። ሙሉቀን ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛ ዙሩን ጨርሶ ፊት ሲደርስ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሁላችንም ሲነሣ እንጠብቃለን። አልተነሣም።

«አባቴ፣ እኔ ሳይነጋ ነው የተቀመጥኩ» አለ። «እኔ ገብቼ ስወጣ እርስዎ ይገባሉ። ጥላው ግን ይገባዎታል፤ ከጎኔ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እውነቴን ነው፣ እርሳቸው ሳቁና «ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉ። የተቆጣነው እኛ ነን። «ስድ!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። «ያሳደገህ የለም ወይ! ልታሰድበን ነው የመጣኸው!» ሙሉቀን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ገባ፤ ትንፋሽ እስክንስብ ድረስ እንኳ ሳይቆይ መርጦ ወጣና የጎንደር ማኪና ወደሚነሣበት ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላም አላልነውም። ሱሪ እንኳ ሌላ ጋ ነበር የምናሰፋው።

ከሰዓት በኋላ ደስታው ራሱ መጣ። ተወዳዳሪም ቢሆን መራጭ ነው። ፊት እናስቀምጥህ ብንለው እምቢ አለ፤ «ተራዬን እጠብቃለሁ» ብሎ ጭራው ላይ፣ እሳት በሚያወርደው ፀሐይ፣ ተቀመጠ። ሙሉቀን ወጣ፣ መምህሩ ገባ፤ ያው አርባ ሆንን። በጆሮዬ «ስንቶቻችሁ መረጣችሁ?» አለኝ። በአገጬ አመለከትኩት። ወደ ሰልፉ ፊት ቀና ብሎ አየ፤ ልክ ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ «ኖር!» ብሎ ሲነሣ አየ። ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እንግዲህ ለዚያ ልጅ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሥ ብሎ ያስተማረው ማን ሆነና!

ወፍጮው መዞሩን ቀጠለ። እኔ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ጥላው ሥር ደርሻለሁ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ጊዜ የተነሣሁላቸው ሰው የክርስትና አባቴ ነበሩ፤ እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ለክርስትና አባቴ አልነሣ?

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ድንጋይ ለድንጋይ ሲሳብ የዋለው ደስታው ፊት ደረሰ። ጸሐፊው ወጣ፤ ሰዓቱን አየ። «አንድ ሰው ብቻ! ከዚያ ሳጥኑን አሽጋለሁ» አለ። ከዳር እስከ ዳር ተነፈስን። ሌላው ሁሉ ቢቀር ሰውየው ራሱን ይምረጥ እንጂ!

የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ግራዝማች አየነው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቤት ውለው ነው የመጡት፤ አቧራ ለብሰዋል፣ ደክሟቸዋል። ከበቅሎ ሲወርዱ ኮርቻውን ተደገፉ። ወደ እኛ መጡ። እኛ ደስታውን እናያለን። ደስታው ድንጋዩን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞታል። እጁን አየሁት፤ ጅማቱ ተገትሯል። በልቤ «አትነሣ! አትነሣ!» አልኩ። ጠዋት ሙሉቀንን ስድ ያልኩት ሰው ነኝ እንዲህ የምለው።

ተነሣ።

«ኖር፣ ግራዝማች።»

«በእግዜር! በእግዜር፣ ልጄ! ኧረ አይገባም፣ ተቀመጥ።»

«አይሆንም፣ ይግቡ።»

«አንተ ቀድመሃል፣ ተራህ ነው። በሞቴ ግባ!»

«እናቴ ትሙት፣ ከእርስዎ በፊት አልገባም!»

ግራዝማች ከልባቸው ነው የለመኑት። ትከሻውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ገፉት፤ እርሱ ክንዳቸውን ይዞ መልሶ አስገባቸው። በዚያ ቀን ደስታው ያሸነፈው ክርክር ይህ ብቻ ነው። ግራዝማች ገቡ፣ በሬያቸውን መረጡ፣ ወጡ፣ ጸሐፊው ሳጥኑን አሸገ። ግራዝማች የደስታውን ግንባር ስመው «እንዲህ ያለ የተባረከ ልጅ እያለ አገር አይጠፋም!» አሉ። ያለቅሱ ነበር መሰለኝ።

በሌሎቹ መምረጫ ቦታዎች ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ነበር የሄዱት። የኛው ጣቢያ ለየው። ሁሉም ሲደመር ደስታው የተሸነፈው በሃያ ስድስት ድምፅ ነው። ድንጋይ ላይ የቀረነው አርባ ነን። ይህን ስሌት ለብዙ ጊዜ መኝታዬ ላይ ሆኜ ስሠራው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ውጤቱ በተነገረ ማግሥት ፊቴን አጠቁሬ እመት ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። መሬታቸውን የሰጡት፣ የልጃቸው ሥራ የቀረው በእኔ አፍ ነው። እርሳቸው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው «ልጄ ተሸነፈ እንጂ አላሳፈረኝም» አሉኝ። ከቤታቸው የወጣሁት ስድብ ጠጥቼ ብወጣ ከሚሰማኝ ይልቅ አንሼ ነው። ምክንያቱም ይኸው ነው፤ አላሳፈራቸውም።

ደስታው አንድ ዓመት ሽምብራ ዘራ፤ አልኳችሁ እኮ፣ እርሻ አያውቅም። ከዚያ ግራዝማች ስለ መልካም ጠባዩ ደብዳቤ ጻፉለትና ወደ መምህርነቱ ተመለሰ፤ ብቻ የመደቡት ዛሪማ ነው፣ ከሰሜን ተራራ ወዲያ። እዚያ ሆኖ ተማሪዎቹን «ቀድማችሁ ከተቀመጣችሁ ለማንም አትነሡ» እያለ ያስተምራል አሉ። ወላጆች «ልጆቻችንን አባለገብን» ብለው ከሰውታል።

ግራዝማችስ? አራት ዓመታቸውን ጨርሰው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አንድ ተዝካር ላይ አገኘኋቸው። «ድልድዩስ ነገር፣ ግራዝማች?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከምግቡ ላይ አላነሱም።

«ልናገር እጄን ባነሣሁ ቁጥር» አሉ፣ «ከእኔ የሚበልጥ ሰው ይነሣል። አንዱ ደጃዝማች ነው፣ አንዱ ፊታውራሪ ነው፣ አንዱ በዕድሜ አባቴ ነው። እንዴት ብዬ ልቅደም? አንተስ ብትሆን?»

እኔስ ብሆን? «እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ወንዙ በዚያም ክረምት ሞላ።

ያ ሁሉ አለፈ እንዳልል ባለፈው ምርጫ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አሁን ጎንደር ነው የምመርጠው፤ በጆሮ ግንዴ ላይ ሽበት ወጥቷል፣ ጉልበቴም ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል። መምረጫው ቦታ የደረስኩት ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ከንፈራቸው በጥማት ደርቋል፣ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጡ እንደሆኑ ያስታውቃሉ። ምን እንደሚሆን እኔ እያወቅሁ ፊት የተቀመጠው ልጅ አየኝ።

«ኖር፣ ጋሼ!» አለና ብድግ አለ።

ልከለክለው ነበር። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ «ተቀመጥ፣ ተራህን ለማንም አትስጥ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «በእግዜር!» ነው። እግሬም ከአፌ አልተለየም፤ ወደ ፊት ሄደ። በሩ ላይ ስደርስ ቆም አልኩና ዞር ብዬ ሠላሳውንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከመካከላቸው አንድ ስድ ፈለግሁ፣ አንድ ሙሉቀን፣ «አባቴ፣ እኔ ሳይነጋ ነው የተቀመጥኩ» የሚለኝ።

ሁሉም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ገብቼ መረጥኩ።